ቡቺ ሲያስል ማን ይሰማል?

ፍቅርና ሳል አይደበቁም ይባላል። የፍቅሩን ነገር እንጃ… ሳሉ ግን በእውነትም አይደበቅም። በተለይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የቦሌ መንገድ መኪና ጋብ ሲል፣ ከኦሎምፒያ ፎቆች ጀርባ ካለ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ የሚወጣ ሳል ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

እኛ ያለንበት ግቢ ስድስት ቤት ተከራይ፣ አንዲት አከራይ፣ አንድ ዘበኛና አንድ ውሻ አለው። የውሻው ስም ቡቺ ነው። (አዲስ አበባ ውስጥ «ቡቺ!» ብሎ የተጣራ ሰው ቢያንስ ሦስት ውሻ ዞር ይልለታል።) የቡቺን ዘር የሚያውቅ የለም። አከራያችን እትዬ «ግማሹ ጀርመን ነው» ይላሉ። ጀርመን የሆነው ግማሹ የቱ ጋ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላገኘነውም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ቡቺ ማሳል ጀመረ። ሳሉ ደረቅ ነው፤ የአሮጌ ላዳ ክላክስ ይመስላል። አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ እግሮቹን ከፈት አድርጎ፣ ሆዱ እስኪሸበሸብ ያስልና መጨረሻ ላይ ቋቅ ብሎ ነጭ አረፋ ይተፋል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ጅራቱን እየቆላ ወደ ቤቱ ይገባል። አንደኛው ሌሊት አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ… በሦስተኛው ቀን ጠዋት የግቢው የሕክምና ቦርድ ተሰበሰበ።

የግቢ የሕክምና ቦርድ ምን እንደሆነ መቼም ታውቁታላችሁ። ማንም ሳይመርጠው ሁሉም አባል የሚሆንበት፣ ማንም ሳይማር ሁሉም ስፔሻሊስት የሚሆንበት ቦርድ ነው። እትዬ «አጥንት ነው! ትናንት የዶሮ አጥንት የሰጠው ማነው?» ብለው ጀመሩ። ሰጠሁ ያለ የለም። የፊት ለፊት ቤቱ ልጅ «ብርድ መቶት ነው» አለ። ከጥግ ያለችው ተከራይ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መርዝ ነው። ሌባ መጀመሪያ የሚጨርሰው ውሻውን ነው» አለች። እኛስ? እኛማ የተማርን ነን! ስልካችንን አወጣንና ጎግልን ጠየቅን። ጉንፋን ነው አለን። ትንሽ ዝቅ ስንል የልብ ድካም ነው አለን። ይበልጥ ዝቅ ስንል ካንሰር ነው ሊለን ሲል ስልኩን ዘጋነው።

በዚህ መሀል ዘበኛችን ጋሼ የኮታቸውን እጅጌ ሰብሰብ አደረጉ። በግራ እጃቸው የቡቺን መንጋጋ ከፍተው ቀኝ እጃቸውን እስከ ጉሮሮው ሰደዱ። አጥንቱን ሊያወጡ ነው። ቡቺ ተንፈራገጠ፤ ጥርሱ የጋሼን ጣት ጫር አደረገው። አጥንት የሚባል ነገር አልተገኘም። ጋሼ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ወደ በራቸው ተመለሱ። ግቢው «ጀግና ናቸው!» አለ። ከሁሉ ቀድመን ያጨበጨብነው ደግሞ እኛ ነበርን።

ከሰዓት በኋላ የእንስሳት ሐኪም መጣች። በዕድሜ እኩያችን የምትሆን ልጅ ናት። ቡቺን ከመንካቷ በፊት ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፦ «የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተከተበው መቼ ነው?» ሁለተኛ፦ «አፉ ውስጥ እጁን የከተተ ሰው አለ?»

ግቢው ጸጥ አለ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጸጥታ ነው።

*

አጥንት የሚመስለው ነገር

አብዛኞቻችን የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል የምናስበው መንገድ ለመንገድ እየሮጠ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ ነው። እንዲህ ያለው አለ። ግን ሌላም መልክ አለው፤ ጸጥ ያለው መልክ። በሽታው የጉሮሮና የመንጋጋ ጡንቻዎችን ያሽመደምዳል። ውሻው መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ጩኸቱ ይጎረናል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል። ከሩቅ ላየው ሰው ይህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይመስላል፦ አጥንት ተሰንቅሮበታል። ከዚያ ለእንስሳ የሚራራ ሰው ይመጣና እጁን ይከታል። አዎ፣ በዚህ በሽታ የሚያዘው ጨካኝ ሰው ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ርኅራኄም ያስይዛል።

ቫይረሱ ያለው በለሃጩ ውስጥ ነው። በንክሻ፣ በጥርስ ጭረት፣ በተላጠ ቆዳ፣ ዓይንና አፍ ውስጥ በሚረጭ ለሃጭ ይገባል። ውሻው ገና ሕመሙ ሳይታወቅበት በፊት ባሉት ጥቂት ቀናትም ለሃጩ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሽታው ሰው ላይ ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ምልክት ከማሳየቱ በፊት ግን ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን መጀመር ሕይወት ያድናል። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ አንድ ሳሙናና «ይቺ ጭረት ምን ታመጣለች» አለማለት ነው።

ይህ ለአዲስ አበባ አዲስ እንግዳ አይደለም። ከተማዋ ገና በልጅነቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ በእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ ተመትታለች። ሉዊ ፓስተር በፓሪስ የመጀመሪያውን ክትባት ለአንድ ልጅ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር። የዚህ ሰው ስም እኛም ጋ ደርሶ ሰፈር ሆኗል፤ ጉለሌ አካባቢ «ፓስተር» የምንለው ሰፈር፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት፣ ስሙን የወረሰው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው። «ውሻ ነክሶት ፓስተር ተመላለሰ» የሚባልለት አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት አያጡም። ሆድ ላይ ለ14 ቀናት በተከታታይ የሚወጋውን መርፌ ሲያስታውሱ ፊታቸው ይጨማደዳል። ያ ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረ የድሮ ክትባት ነው። ዘመናዊው ክንድ ላይ የሚሰጥ፣ ዙሩም ያነሰ ነው። ስለዚህ መርፌውን ፈርቶ መቅረት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ ይኸው፦ የሚያስል ወይም የታነቀ የሚመስል ውሻ አፍ ውስጥ እጅ አይገባም። ክትባቱ በማይታወቅ ውሻ ከሆነማ በፍጹም! «እውነተኛ አጥንት ቢሆንስ?» ትሉ ይሆናል። እውነተኛ አጥንት አብዛኛውን ጊዜ ድንገት ነው የሚመጣው። ውሻው እየበላ ሳለ ይጀምረዋል፣ አፉን በእግሩ ይቧጥጣል፣ ይደነግጣል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። እንዲህ ከሆነ የሚያስፈልገው የጋሼ እጅ ሳይሆን ሐኪም ነው፣ ያውም በፍጥነት። ሦስት ሌሊት ሙሉ አስሎ ጠዋት ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ግን የታነቀ ውሻ አይደለም።

*

ሳሉን ማዳመጥ

ሐኪሟ ሳሉን ለመስማት የቡቺን የትንፋሽ ቧንቧ ከአንገቱ በታች በስሱ ጫን አደረገችው። (ይህን ያደረገችው እሷ ናት፤ እናንተ አትሞክሩት።) ያ የላዳ ክላክስ ወዲያው ጮኸ። ከዚያ «ሌላ ውሻ ጋ ሄዶ ነበር?» አለች። ተያየን። ቡቺ በሩ ክፍት በተገኘ ቁጥር የመንገዱን ውሾች ተቀላቅሎ እንደሚዞር ሁላችንም እናውቃለን።

ፈረንጆቹ «ኬነል ከፍ» የሚሉት፣ ውሾች ተሰብስበው በሚያድሩበት ቦታ እንደ ጉንፋን የሚዛመት ሳል አለ። የሚያመጡት ብዙ ቫይረሶችና ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ቦርዴቴላ የተባለው ባክቴሪያ ነው። አንዱ ውሻ ሲያስል ሌላው ይተነፍሰዋል፤ በአንድ ዕቃ ውኃ ሲጠጡም ይተላለፋል። ከተጋለጠ ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ቋቅ ብሎ ነጭ አረፋ መትፋቱ ነው «አጥንት ነው» የሚያሰኘን። ውሻው ከበላ፣ ከጠጣና ከተጫወተ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይተወዋል። የሚያስፈልገው ዕረፍት፣ ደረቅ መኝታ፣ ንጹሕ ውኃና ከሌሎች ውሾች መለየት ነው። እዚህ ላይ «ከሌሎች መለየት» የሚለውን አስምሩበት። የእኛ ውሻ የሚያስለው የጎረቤት ውሻ ስላሳለ ነው፤ የእኛን ካልያዝነው ደግሞ ተራው የሌላው ጎረቤት ይሆናል።

ግን ሳል ሁሉ ጉንፋን አይደለም። ለምሳሌ ዲስቴምፐር የሚባለው ቫይረስ አለ። ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል፤ ዓይንና አፍንጫ ወፍራም ፈሳሽ ያወጣል፣ ትኩሳት አለ፣ ምግብ ይጠላል፣ ተቅማጥ ይከተላል። ቆይቶ ወደ አንጎል ሲወጣ ውሻውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ያንዘፈዝፈዋል። ያልተከተበ ቡችላ ከያዘ ብዙ ጊዜ ይገድላል። መከላከያው ክትባት ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ በየአፓርታማው እየበዙ የመጡት ትንንሾቹ አሉ፤ ትንሽና ጸጉራም የሆነውን ሁሉ «ፑድል» ብለን የምንጠራቸው። እነዚህ ደስ ሲላቸው ወይም ማሰሪያቸው አንገታቸውን ሲስባቸው የሚጀምራቸው ደረቅ ሳል የትንፋሽ ቧንቧቸው ልል መሆኑን ሊናገር ይችላል። ለእነሱ አንገት ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ ቀርቶ ደረታቸውን የሚያቅፈው ሃርነስ ይሻላል። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ዘሮች ሲያረጁ ደግሞ የልብ ቫልቭ መድከም ያሰጋቸዋል። ሌሊት ላይ ወይም ጥቂት ሲሄዱ የሚያስሉ፣ ቶሎ የሚደክሙ፣ ሆዳቸው የሚነፋ ከሆነ «እርጅና ነው» ብሎ መተው አይገባም። የልብ ሕመም መድኃኒት አለው።

ቡችሎች ላይ የሆድ ትል እጮች በሳንባ በኩል ሲያልፉ ሳል ያመጣሉ። የከሰል ጭስ፣ የዕጣን ጭስ፣ የግንባታ አቧራ የታመመውን ቧንቧ ያብሳሉ። (ኦሎምፒያ ሆናችሁ ከአቧራና ከጭስ ማምለጥ እንዴት እንደሚቻል ያወቀ ይንገረን።) ሰንሰለቱንም አትርሱት። ቀኑን ሙሉ አንገቱን ታስሮ ሰው ባለፈ ቁጥር እየዘለለ የሚታነቅ ውሻ ቢያስል የሚገርመው እሱ ሳይሆን የሚገርመው ሰው ነው።

ታዲያ ሐኪም ያልሆንነው እኛ ምን እናድርግ? ሐኪሟ ያስተማረችን ቀላል ነገር አለ፤ ውሻው ሲተኛ ትንፋሹን ቁጠሩ። ደረቱ ከፍ ብሎ ሲወርድ አንድ ነው። ለ30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ2 አባዙት። ተኝቶ እያለ በደቂቃ ከ30 በላይ እየደጋገመ የሚተነፍስ ከሆነ ወደ ሐኪም ደውሉ። ድዱን ለማየት አፉን መክፈት አያስፈልግም፤ አፉን ሲከፍት ምላሱ ይታያል። ሰማያዊ ወይም የገረጣ ከሆነ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም። ትኩሳት፣ ምግብ መጥላት፣ መድከም፣ ደም የተቀላቀለበት ሳል፣ ከአሥር ቀን በኋላም ያልቀነሰ ሳል… እነዚህ ሁሉ የሐኪም ሥራ ናቸው። ሌላው ቢቀር ሲያስል በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት። ቲክቶክ ላይ ለመጫን አይደለም! ክሊኒክ ሲደርስ ሳሉን ውጦ ጨዋ የሚሆን ውሻ ስለማይጠፋ፣ ሐኪሙ የሚያየው ነገር እንዲኖር ነው።

*

ዳማከሴ፣ አሞክሳሲሊንና አረቄ

የቦርዱ ስብሰባ መድኃኒት ሳያዝ አይበተንም። የፊት ለፊት ቤቱ ልጅ ካለፈው ጉንፋኑ የተረፈ አሞክሳሲሊን ይዞ መጣ። እትዬ ነጭ ሽንኩርት በማር ወጠወጡ። ጋሼ ደግሞ «አንድ ጉንጭ አረቄ ብትሰጡት ብርዱን ያወጣለታል» አሉ። (ለቡቺ ካሰቡት ይልቅ ለራሳቸው የፈለጉት ይመስለናል።) ሁሉም ከፍቅር ነው። ሁሉም ግን ስህተት ነው።

ለእኛ ጉንፋን የሚበጀን ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ቀይ ሽንኩርትም እንደዚያው። የደሙን ቀይ ሕዋሳት ያፈርሳል። አረቄ የማይጠጣ ውሻ መሆኑ ዕድሉ ነው። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለሰው ራስ ምታት የተመጠኑ ናቸው፤ ውሻን ጉበቱን ወይም ኩላሊቱን ይዘው ሊገድሉት ይችላሉ። ስኳር የለውም የሚባል የሳል ሽሮፕና ማስቲካ ውስጥ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ሊኖር ይችላል፤ ለውሻ አደገኛ ነው። አንቲባዮቲኩስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የቤት እንስሳት ተላላፊ በሽታዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ የሚበላና የሚጫወት፣ ትኩሳት የሌለው ውሻ በጉንፋን መሰል ሳል ሲያዝ ያለ አንቲባዮቲክ ለ10 ቀን ያህል መከታተል ይቻላል ይላል። ያስፈልጋል ከተባለም የሚመርጠው ሐኪሙ ነው እንጂ ከመሳቢያችን የተረፈው ኪኒን አይደለም። መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ማባዛት ለውሻውም ለእኛም አይጠቅምም።

የቡቺ መድኃኒት ምን ሆነ መሰላችሁ? ደረቅ ማዳበሪያ ከረጢት ከሥሩ ተነጥፎ ዝናብ ወደማይደርስበት ጥግ መዛወር፣ በሩ እንዲዘጋ ማድረግ፣ ውኃ፣ ለስለስ ያለ ፍትፍት። በቃ።

*

የሁሉም የሆነ ውሻ

አሁን ወደ ጸጥታው እንመለስ። «መቼ ተከተበ?» ስትል ለምን ዝም አልን? ቡቺን ስለማንወደው አይደለም። ማታ ስንገባ በሩ ላይ የሚቀበለን እሱ ነው። ዝም ያልነው ቡቺ የማን እንደሆነ ስለማናውቅ ነው። እትዬ «የተከራዮቹ ነው፣ የሚመግቡት እነሱ» ይላሉ። ተከራዮቹ «የግቢው ነው፣ ስንገባ አግኝተነዋል» ይላሉ። ጋሼ «የሥራ ባልደረባዬ ነው» ይላሉ፤ ከሁላችንም የእሳቸው መልስ ይሻላል። ሲጮህ የሁላችንም የሆነ ውሻ ሲያስል የማንም አይደለም።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ትክክል ነው፤ እሱ ግዴታውን ያውቃል። የእኛን ግዴታ የሚናገር ተረት ግን የለንም። ለከተማው ሰው ውሻ ከቆርቆሮው አጥርና ከበሩ ቁልፍ ጋር የሚቆጠር ዕቃ ነው። ቁልፍ አያስልም፤ ስለዚህ ሲያስል ግራ ይገባናል። ወይ እጃችንን እንከታለን ወይ በሩን ከፍተን እናስወጣዋለን። ሁለቱም አደጋ ነው። የመጀመሪያው ለጋሼ፣ ሁለተኛው ለሰፈሩ ልጆች።

እዚህ ጋ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል፤ እኛም ራሳችንን ጠይቀነዋል። «ሰው መታከሚያ ባጣበት አገር ስለ ውሻ ክትባት ታወራላችሁ?» የሚል። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ዘይትና ጤፍ ገዝቶ የቀረውን ሳንቲም የሚቆጥር ሰው ለውሻ ክሊኒክ ክፈል ሲባል ቢስቅ አንፈርድበትም። መልሳችን ግን ይህ ነው፦ የውሻው ክትባት የውሻው ቅንጦት ሳይሆን የሰው መድኃኒት ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከውሻ በሚተላለፈው በሽታ አንድም ሰው እንዳይሞት ዓለም ዕቅድ ይዟል። ዕቅዱ የሚሳካው ግን በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን እንደ እኛ ባለ ግቢ ነው። አንድ ሰው ከተነከሰ በኋላ የሚያስፈልገው ወጪ፣ ምልልስና ጭንቀት ከአንድ ውሻ ዓመታዊ ክትባት ጋር አይወዳደርም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ነገሩ ከግቢም አልፎ ይሄዳል። በባሌ ተራሮች የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ሁላችንም በፎቶ እናውቀዋለን፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። የቀሩት ትልልቆቹ ከ500 አይበልጡም። ይህን እንስሳ ደጋግሞ የፈጀው ከአካባቢው ውሾች የሚተላለፍ በሽታ ነው፦ የእብድ ውሻ በሽታና ያ ቅድም የጠቀስነው ዲስቴምፐር። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2015 የዲስቴምፐር ወረርሽኝ ባሌ ላይ ቀበሮዎቹን ገድሏል። የቡቺ ሳል ባሌ አይደርስም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ያልተከተበ ውሻ የሚያመጣውን ዕዳ የሚከፍለው ሌላ ነው። እዚያ ቀበሮው፣ እዚህ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውሻ የሚያባብል ሕፃን።

እና እኛ የምንለው ምን መሰላችሁ? ለዘበኛ ደሞዝ በየወሩ እናዋጣለን። ለውኃ፣ ለመብራት፣ ለቆሻሻ እናዋጣለን። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የውሻውን ክትባት ብናዋጣስ? በዚያው ሂሳብ ውስጥ «የቡቺ» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ወረቀቱ ዘበኛው ጋ ይቀመጥ፤ ቀኑ በሩ ላይ ይጻፍ። የእብድ ውሻው ዋናው ነው፤ አቅም ሲኖር ደግሞ ዲስቴምፐርንና ፓርቮን የሚይዘው ጥምር ክትባት ይጨመር። ቡችላ ያመጣችሁ ከሆነ ጥምሩ ከስድስትና ስምንት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ እየተደጋገመ ቢያንስ እስከ 16 ሳምንቱ የሚሰጥ መሆኑን አትርሱ። አንዴ ተወግቶ የሚያልቅ አይደለም። አገሪቱ እኮ ሐኪም አልቸገራትም፤ ደብረ ዘይት ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሲያስተምር ኖሯል። የጎደለው «የእኔ ውሻ ነው» ብሎ ስልክ የሚደውለው ሰው ነው።

*

ጋሼስ ምን ሆኑ? ሐኪሟ «ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» አለቻቸው። ጭረቱን አየችና ሳሙናና የቧንቧ ውኃ አስመጣች። 15 ደቂቃ በሰዓት አስቆጠረችን። ስታስበው የቡቺ ሳል ጉንፋኑ ይመስላታል፤ መንጋጋው ደህና ነው፣ ይውጣል፣ ውኃ ይጠጣል። «ግን ያልተከተበ ውሻ ነው፤ በ‹ይመስለኛል› ሰው አይተውም» አለች። ጋሼ «ለዚህች ጭረት?» ብለው ሳቁ። እኛ ግን በዚያ ጠዋት ያጨበጨብንበት እጃችን እያፈረ ነበርና ግራና ቀኝ ይዘናቸው ሄድን። ክትባቱን ጀመሩ።

ቡቺን ደግሞ 10 ቀን ጠብቁት ተባልን። ጥርሱ ሰው የነካ ውሻ በእነዚያ ቀናት ታስቦበት ይታያል፤ ከበላ፣ ከጠጣ፣ ድምፁና ጠባዩ ካልተለወጠ የዚያ ቀን ለሃጩ ቫይረስ አልነበረበትም ማለት ነው። እንዴት ያሉ ቀናት መሰሏችሁ! ከሥራ ስንመለስ በሩን ሳንከፍት በፊት ጆሯችንን ቆርቆሮው ላይ እንለጥፋለን። የላዳው ክላክስ ሲጮህ ደስ ይለን ነበር ብንላችሁ ታምኑናላችሁ? «እሰይ፣ ዛሬም ያስላል፣ ዛሬም አለ።» አራተኛው ቀን ላይ ፍትፍቱን ሳይጨርስ ሲቀር አንዳችንም አልተኛንም። (ለካ ጎረቤት ቀድሞ አብልቶት ነው።) በአሥረኛው ቀን ቡቺ እየበላ፣ እየጮኸ፣ አልፎ አልፎ እያሳለ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሳሉም ጠፋ።

ከዚያ መዋጮውን ሰበሰብን። ከስድስት ቤት አምስቱ ከፈለ። ስድስተኛው «እኔ ውሻ አልወድም» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን በሽታው የሚወዱትንና የማይወዱትን ለይቶ አያውቅም። ልናሳምነው እየሞከርን ነው። የእሱን ድርሻ የከፈሉት ጋሼ ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ግቢያችሁ ስትገቡ በሩ ላይ የሚቀበላችሁን አይታችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «መቼ ተከተበ?» መልሱ ጸጥታ ከሆነ፣ እስኪያስል አትጠብቁ።

ቸር እንሰንብት።